ገመዱ የት ይደርሳል? የሜሽ ዋይፋይ አተካከል በኮልፌ ቀራኒዮ ቤቶች

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሜሽ ራውተር ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆነው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ዋይፋይን ለቤቱ በሙሉ እንዲያዳርሱ ተብለው ስለሚሸጡት ትንንሽ ሳጥኖች። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጣና ተራ እስከ ቤቴል፣ ከአየር ጤና እስከ ወይራ ሰፈር፣ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ቤተሰብ የሚያነሳው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ሳሎን ውስጥ ደህና ይሠራል፣ መኝታ ቤት ሲገቡ ይንቀራፈፋል፣ ሰርቪስ ቤት ሲደርሱ ጨርሶ ይጠፋል። የሚሰጠውም ምክር ተመሳሳይ ነው፤ ሌላ ራውተር ጨምሩ ይባላል። ይህ ምክር ገንዘብ አስወጥቶ ችግሩን ባለበት የሚተውበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ዛሬ ልሞግተው እፈልጋለሁ። ሜሽ በደንብ እንዲሠራ የሚያደርገው የራውተሮቹ ብዛት ሳይሆን እያንዳንዳቸው የሚቀመጡበት ቦታና በመካከላቸው ገመድ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ቦታውና ገመዱ ደግሞ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደሉም። የኤሌክትሪክና የመብረቅ አደጋም የሚገባው በእነሱ በኩል ስለሆነ ፍጥነቱንና ደኅንነቱን ነጣጥዬ አላያቸውም።

ከቤቶቻችን እንጀምር። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚጠቀምባቸው ሁለት የሞገድ መደቦች 2.4 ጊጋኸርዝ እና 5 ጊጋኸርዝ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ሞገድ ርዝመት 12 ሳንቲሜትር ያህል፣ የሁለተኛው 6 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። አጭሩ ሞገድ ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ግድግዳ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይዳከማል። የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ጭቃው እርጥበት ካልያዘ፣ ሞገዱ በመጠኑ ያልፋል። ብሎኬት ላይ ሲደርስ ብዙ ይቀንሳል። ፌሮ የታሰረበት አርማታ፣ በተለይ በቤቴልና በአየር ጤና ባሉት ፎቅ ቤቶች በወለልና በወለል መካከል ያለው ሶሌታ፣ የ5 ጊጋኸርዙን ሞገድ ከመቶ አንድ እጅ እስኪቀር ድረስ ሊበላው ይችላል። ቆርቆሮ ግን የተለየ ነው፤ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ይመልሰዋል እንጂ አያሳልፈውም። ስለዚህ በቆርቆሮ የተጋረደ ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት አሥር ሜትር ብቻ ቢርቅ እንኳ ሲግናሉ የሚገባው በመስኮቱና በበሩ በኩል ነው፤ በሩም የብረት ከሆነ በመስኮቱ ብቻ። ውኃ የሞላ ሮቶ በመካከል ከቆመ እሱም የድርሻውን ይወስዳል፤ ውኃ ይህን ሞገድ ይመጥጣል። የራውተር ካርቶን ላይ የሚጻፈው የስፋት ቁጥር የተለካው ይህ ሁሉ በሌለበት ነው። የኮልፌን ግቢ የሚያውቅ ሰው ያንን ቁጥር ሳይሆን በዋናው ራውተርና በመኝታ ቤቱ መካከል ስንት ግድግዳ፣ ስንት ቆርቆሮ እንዳለ መቁጠር አለበት።

አሁን ወደ ክርክሬ ዋና ማስረጃ ልምጣ። ገመድ የሚያገለግለው ጫፍና ጫፉ ላይ ላሉት ብቻ ነው፤ አየር ግን የሁሉም ነው። ይህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በግልጽ ታይቷል። ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶቹ ላይ ያሉትን የኮምፒዩተር መጠቀሚያዎች ከማዕከሉ ጋር በሬዲዮ ሲያገናኙ፣ ሁሉም በአንድ ሞገድ በፈለገው ሰዓት ቢናገር መልእክቶቹ እየተጋጩ እንደሚጠፉ፣ ከመስመሩ አቅምም ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ያህል መሆኑን በስሌት አሳዩ። የዛሬው ዋይፋይ ከዚያ ተምሮ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ አየሩ ከተያዘ ይጠብቃል። መጠበቁ ግጭትን ይቀንሳል፣ አየሩን ግን አያሰፋም። ሜሽ ላይ ይህ ችግር እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚጨመረው ራውተር፣ ቅርንጫፍ እንበለው፣ ከዋናው የሰማውን ለስልካችሁ ደግሞ መናገር አለበት። የእድር ጡሩምባ ነፊ መርዶውን ከዳኛው ቤት ሰምቶ በየመንደሩ ሲለፍፍ፣ እየነፋ ሌላ መልእክት መስማት አይችልም፤ አንዱን ጨርሶ ነው ወደሌላው የሚሄደው። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ራውተርም እንዲሁ ነው። በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ሞገድ ሲያቀብል፣ እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ አየር ላይ ይወጣል፤ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሦስተኛ ራውተር ከሁለተኛው ጀርባ ሲቀጠል ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይቀራል።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በኬምብሪጅ ከተማ በፈቃደኞች ቤት 37 ራውተሮችን አስቀምጠው፣ ማን የት ይቀመጥ ብለው ሳያቅዱ፣ ሩፍኔት የተባለ የሜሽ መረብ ዘርግተው ነበር። ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በአማካይ ያገኙት ፍጥነት 627 ኪሎቢት በሰከንድ ነበር። አማካዩ ውስጥ የተደበቀው ልዩነት ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ በአንድ ዝላይ ብቻ፣ ማለትም በመካከል ሌላ ራውተር ሳይኖር፣ የሚገናኙት ከ2 ሜጋቢት በላይ ሲያገኙ፣ ሁለት ዝላይ የሚያስፈልጋቸው ከ1 ሜጋቢት በታች ወረዱ። መሣሪያዎቹ ዛሬ በብዙ እጥፍ ፈጥነዋል፣ ቁጥሮቹም አድገዋል። የዝላዩ ዋጋ ግን ከተፈጥሮው የመጣ ስለሆነ አብሮን አለ። እንደ ካታሎኒያው ጊፊ ኔት ያሉ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገመድ አልባ መረብ ያደጉ የማኅበረሰብ አውታሮች እንኳ አቅም ሲያስፈልጋቸው ፋይበር ወደ መዘርጋት የሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው። እነሱ ገመድ አልባውን አልጣሉትም። ገመድ በማይደርስበት እየተጠቀሙበት፣ በሚደርስበት ግን ገመዱን አስቀደሙ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለአንድ ግቢ የሚፈለግ አይመስለኝም።

ስለዚህ ቅርንጫፉ ራውተር የት ይቀመጥ? ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው ሲግናል በጠፋበት ክፍል ነው። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል፣ ጨለማው ጋ መብራት ለመስቀል። ነገር ግን ሲግናል የጠፋበት ቦታ ላይ የተቀመጠ ራውተርም ራሱ የሚቀበለው ነገር የለውም። ያልሰማውን ማሰማት አይችልም። ትክክለኛው ቦታ በመካከል፣ የዋናው ራውተር ድምፅ ገና ጠንካራ የሆነበት ነው። ይህን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማግኘት ይቻላል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ በነጻ የሚጫን የዋይፋይ መለኪያ አለ፤ የሚያሳየው ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፣ መለኪያውም ዲቢኤም ይባላል። ሲቀነስ 50 በጣም ጥሩ ነው። ሲቀነስ 67 ለቪዲዮ ጥሪ የሚበቃ ነው። ሲቀነስ 80 ሲደርስ ስልኩ ስሙን ቢያሳይም አይሠራም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በየ10 ቁጥሩ ኃይሉ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል። በሲቀነስ 60 እና በሲቀነስ 80 መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ነው። ስልኩን ይዛችሁ ከዋናው ራውተር እየራቃችሁ ስትሄዱ ቁጥሩ ሲቀነስ 60 እና ሲቀነስ 65 መካከል ሲደርስ ቁሙ፤ ቅርንጫፉ ራውተር የሚቀመጠው እዚያ አካባቢ ነው። ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባና ከፍሪጅ ጎን ርቆ፣ ቡፌ ውስጥ ሳይዘጋበት። ዋናውም ራውተር ቢሆን በቴሌ መስመር አመቺነት ብቻ በአጥሩ ጥግ ወይም በመግቢያው በር ጀርባ ከተተወ ግማሽ ሞገዱ የሚሄደው ወደ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። አዲሶቹ ውድ ራውተሮች ሦስት ሬዲዮ አላቸው፤ አንዱን እርስ በርስ ለመነጋገሪያ ብቻ ስለሚጠቀሙበት የግማሹ ኪሳራ የለባቸውም ይባላል። እውነት ነው። የተለየ ሬዲዮ ያለው ራውተር አንዱን ዝላይ በጣም ያቃልለዋል፤ ለትልቅ ፎቅ ቤትና ለፈጣን መስመር ዋጋው ይገባዋል። ግን ያ ሦስተኛ ሬዲዮም በአየር ነው የሚሄደው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ በማይወደው በ5 ጊጋኸርዝ፣ በአዳዲሶቹም በ6 ጊጋኸርዝ። ሶሌታውና ቆርቆሮው ለውድ መሣሪያ አያዳሉም። በመካከላቸው አርማታ ካለ ውዱም ርካሹም እኩል ይቸገራሉ። ቦታው ሳይስተካከል ዋጋ መጨመር ትርፉ ትንሽ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ በተቃራኒ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ክርክር ፈጣን መስመር ላለው ነው፣ የእኛ ውል 10 ሜጋቢት ነው፣ ግማሹ ቢባክን ምን አለበት የሚል። ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ ግማሽ መንገዱንም አብሬው እሄዳለሁ። ራውተሮቹ እርስ በርስ 200 ሜጋቢት የሚነጋገሩ ከሆነ ተከፍሎ 100 ቢቀር የ10 ሜጋቢት ውል ምንም አይጎድልበትም። በዚህ ምክንያት ነው አነስተኛ ውል ያለው ቤተሰብ ውዱን ባለሦስት ሬዲዮ እንዲገዛ የማልመክረው። ሆኖም ደካማ ቦታ ላይ የተቀመጠ ራውተር 200 አይነጋገርም፤ ወደ 10ም ወደ 5ም ሊወርድ ይችላል። የሚጠፉትን መልእክቶች እየደጋገመ ስለሚልክም ድምፅ ይቆራረጣል፣ የቪዲዮ ጥሪ ይቆማል። የፍጥነት መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየ ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድ ድምፅ የሚቆራረጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒዩተርን በገመድ ከቴሌው ሞደም ጋር አገናኝታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። እዚያው ላይ ከውሉ በታች ከሆነ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ አሥር ራውተር ቢገዛ አይፈታም። እዚያ ጥሩ ሆኖ መኝታ ቤት ከወደቀ ችግሩ የቤቱ ነው፤ ክርክራችንም በዚያ ላይ ነው።

ገመድ መዘርጋት አስቸጋሪ ነው፣ ቤቱን ያበላሻል፣ ለዚህ አይደለም እንዴ ሜሽ የተፈለሰፈው? ይህን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ የምለው ቤቱን በሙሉ በገመድ አጥሩ አይደለም። አንድ ገመድ፣ ከዋናው ራውተር እስከ ሩቁ ቅርንጫፍ፣ ከሁለት ተጨማሪ ራውተር የበለጠ ይሠራል። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ይሸከማል፤ አየሩንም ለስልኮቹ ይለቅላቸዋል። አብዛኞቹ የሜሽ ራውተሮች ከጀርባቸው የገመድ መሰኪያ አላቸው፤ ሲሰካላቸው በገመድ መነጋገር እንደሚሻል ራሳቸው ያውቃሉ። ገመዱን ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ይሸጣል። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ ኃይል በገመዱ በሚላክበት ጊዜም ይሞቃል። ውስጡም ቀይ የሆነውን ግዙ። የኔትወርኩን ገመድ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አታሳልፉ። የመብራቱ ሽቦ ልባሱ ቢላጥ 220 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ራውተሩና ወደሚነካው እጅ ይሄዳል።

ከቤት ውጭ ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። በአዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም ነጎድጓድ ይበዛል፤ የበልግ ዝናብም መብረቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መብረቅ ቤቱን በቀጥታ ባይመታም በአካባቢው ሲወርድ በረጅም የመዳብ ሽቦ ላይ ኃይል ይፈጥራል። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት በአየር የተወጠረ የመዳብ ገመድ ያንን ኃይል ሰብስቦ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን መሣሪያዎች ያቃጥላል፤ በዚያን ሰዓት ገመዱን የያዘ ሰውም ለአደጋ ይጋለጣል። በሁለት ቤቶች መካከል ከሁሉ የሚሻለው ፋይበር ነው፤ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ዋጋው ከበዛ በመስኮትና በመስኮት መካከል፣ ቆርቆሮ በማይጋርድበት አቅጣጫ፣ በአየር ማገናኘት ይቻላል፤ ክፍት ቦታ ላይ አንድ ዝላይ ብዙ አይጎዳም። የግድ መዳብ ከሆነ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ገመድ፣ በፕላስቲክ ቱቦ፣ በመሬት ውስጥ፣ ከመብራት መስመሩ አርቃችሁ ቅበሩት። በሁለቱም ጫፍ ከመሬት ጋር የተያያዘ የመብረቅ መከላከያ በባለሙያ ይገጠም። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ራውተር ወይም አንቴና መስቀል የሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ ቀና ብሎ ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚገባውን የመብራት ሽቦ ይይ። ከእርጥብ ቆርቆሮ፣ ከብረት መሰላልና ከተላጠ ሽቦ ጋር የሚሠራ ሥራ ለምንም ዓይነት ኢንተርኔት ሲባል የሚገባ አይደለም። የመብራት ምሰሶ ላይ ምንም ነገር አታስሩ። ሰማዩ ከጠቆረ ሥራው ይቁም፤ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊትም የራውተሩን የኃይል መሰኪያና ከውጭ የሚመጣውን የመዳብ መስመር ሁለቱንም ንቀሉ። አንዱን ብቻ መንቀል ግማሽ ጥንቃቄ ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ጠላቱ የመብራት መሄድና መምጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አይጎዳም፤ ሲመለስ ግን ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ በዚያው መስመር ላይ ያለው ራውተር ምጣዱ ሲበራ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ኔትወርኩ በእንጀራ ቀን ይበላሻል የሚል ቤተሰብ የሚያየው ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሞገዱ ሳይሆን ሽቦው ነው፤ ራውተሩ ወደ ሌላ መስመር ሶኬት ይዛወር። በዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር እየሰኩ አምስት መሣሪያ ማንጠልጠል ሙቀትና እሳት ይጠራል። ከኃይል መናወጥ ይጠብቃል የሚባለውም ዲቫይደር ከሥራው ከፊሉን የሚሠራው በኤርዙ በኩል ስለሆነ፣ የቤቱ ሶኬት ኤርዝ ከሌለው ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ኤርዙን በባለሙያ አስመርምሩ። የራውተሩ አዳፕተር ቢጠፋ በሌላ ስትተኩ ቮልቱና የዋልታው አቅጣጫ መመሳሰል አለበት፤ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ባትሪ ለመጠቀም ለሚያስብ ስሌቱ ቀላል ነው። ሞደሙና ዋናው ራውተር በአንድ ላይ 16 ዋት ያህል ቢጠቀሙ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብትወስዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያል። በገመድ ኃይል የሚቀበሉ ቅርንጫፎች ከሆኑ ያው አንድ ባትሪ ሁሉንም ሊይዝ ይችላል፤ ሁሉም ዓይነት ግን ይህ ችሎታ ስለሌለው ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እባካችሁ ራውተሩን በዳንቴል አታልብሱት። ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት የሚያወጡ ናቸው፤ የታፈነ ራውተር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ራውተር በበዛ ቁጥር ጨረሩ ልጆቻችንን አይጎዳም ወይ ብለው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄው በቸልታ መታለፍ የለበትም። የዋይፋይ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ሕዋስ ዘረመል የሚሰብር ዓይነት አይደለም። ኃይሉም አነስተኛ ነው፤ የተለመደው የ2.4 ጊጋኸርዝ ራውተር የሚያወጣው ከዋት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፣ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥርም ወደ ሩብ ይወርዳል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ሞገዶችን በጠቅላላ ምናልባት ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቷል። ያ ውሳኔ በዋናነት የተመሠረተው ከጭንቅላት ጋር ተጣብቆ በሚያዝ ስልክ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው፣ ማስረጃውንም ውስን ብሎታል። በተፈቀደው የኃይል ወሰን ውስጥ የሚሠራ ራውተር ጉዳት ማድረሱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። ያም ሆኖ አሳቢ ወላጅ ከአልጋው ራስጌ ሁለት ሜትር ቢያርቀው የሚያጣው ነገር የለም። ሲግናሉ የጠነከረበት ስልክም በትንሽ ኃይል ይልካል፤ ጥሩ ቦታ መምረጥ ለዚህም ስጋት የሚረዳው በዚህ ነው።

ስለ ቅንብሩ በአጭሩ። የሜሹ ዋና ራውተር ከቴሌው ሞደም ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ራውተር ነኝ እያሉ እንዳይጋጩ ሜሹን በድልድይ ወይም በአክሰስ ፖይንት ሁነታ አድርጉት፤ የሞደሙን የራሱን ዋይፋይም አጥፉት፤ ያለበለዚያ አየሩን በከንቱ ይሻማል። ጎረቤት በሚበዛበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ ባዶ የሆነውን ምረጡ። ፋብሪካ የሰጠውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። ዋይፋዩን በደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ዝጉ፤ በአንድ ቁልፍ መጫን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስንም አጥፉት፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደካማነቱ የታወቀ ነው። ለእንግዳና ለተከራይ የተለየ የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱ። ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው መቼ እንደሚሻገር በመጨረሻ የሚወስነው ራሱ ስልኩ ስለሆነ፣ ስልካችሁ ሩቁን ራውተር አልለቅም ካለ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት በቂ ነው።

አንድ ጥያቄ ሕግን ይነካል፤ ሜሹን ከአጥር ባሻገር ወስደን ለጎረቤት ወጪውን እያካፈልን ብናዳርስስ ይባላል። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካ የምሥራቅ ኬፕ ገጠር የሚገኘው ዘንዘሌኒ በኅብረት ሥራ ማኅበር ያደረገው ይህንኑ ነው፣ የሠራው ግን በአገሩ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ነው። በእኛ አገር በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት ለሌላ ሰው መስጠት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሠራን በወንጀል ያስጠይቃል። መሣሪያዎችም የባለሥልጣኑን የዓይነት ማረጋገጫ ያገኙ መሆን አለባቸው፤ በሻንጣ ከውጭ የመጣ ኃይለኛ አንቴና ከመትከላችሁ በፊት ይህን አጣሩ። በአንድ ግቢና በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚሠራ ሜሽ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ውጥን ካላችሁ ግን በባለሥልጣኑ በር በኩል ግቡ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተከራዮች ነው፤ በእኔ ግምትም ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። በኮልፌ ግቢዎች ውስጥ የሚኖር ብዙ ሰው ግድግዳ የመብሳት መብት የለውም፤ ገመድ አንጥፉ የሚለው ምክር ለባለቤቶች ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። ለአንድ ክፍል ተከራይ ሜሽ ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ዋናው ራውተር በክፍሉ መሐል ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ሁለትና ሦስት ክፍል ላለው ደግሞ በበር ሥር የሚያልፍ ጠፍጣፋ ገመድ አለ፤ በግድግዳው ግርጌ በሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ይያዛል፣ ሲለቁም ሳያበላሽ ይነሳል። የኬብል ቴሌቪዥን ወይም የዲሽ ሽቦ ያለፈበት የቆየ ቀዳዳ ካለም በዚያው ማሳለፍ ይቻላል። ከዚህ የሚያልፈው ሥራ ከአከራዩ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ የሚደረግ ነው፤ በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቱቦ ከቤቱ ጋር ስለሚቀር ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ተከራዩ ሲወጣ ገመዱ የማን እንደሚሆን ቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። አዲስ ቤት ለሚሠሩ ባለቤቶች ደግሞ መፍትሔው በጣም ርካሽ ነው። ብሎኬቱ ሳይለሰን፣ ሶሌታው ሳይሞላ፣ ከመብራት ቱቦው የተለየ አንድ ባዶ ቱቦ ከሳሎን ወደ እያንዳንዱ ወለልና ወደ ሰርቪስ ቤቱ ይግባ። ለመጎተቻ የሚሆን ሲባጎ በውስጡ ይተው፣ ሁለቱም ጫፎች አይጥና ሲሚንቶ እንዳይገባባቸው ይታሸጉ፣ የሄደበትም መስመር ከቤቱ ፕላን ጋር በሥዕል ይቀመጥ።